ከጉትቻው ጥላ በታች

ትልቋ የጥርስ ሐኪም ቅናተኛ ነበረች። ይህን ለመናገር ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም፤ እሷም ዛሬ ብትሰማ ትቆጣ ይሆናል እንጂ አትክድም። የቀናችው በጎረቤት ወይም በባልደረባ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። የምትቀናው ግን በገዛ ታናሽ እህቷ ነው፤ ያውም አዝላ ባሳደገቻት፣ ፊደል ባስቆጠረቻት፣ ኋላም እጇን ይዛ ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ባስገባቻት እህቷ።

ሁለቱም የሚሠሩት ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ባለ ፎቅ፣ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። በሽተኞች በስማቸው አይጠሯቸውም፤ አንዷን «ትልቋ»፣ ሌላዋን «ትንሿ» ይሏቸዋል። ቤተሰቡ ደግሞ ትንሿን፣ ሠላሳ ዓመት አልፏትም፣ እስካሁን «ሚጣ» እያለ ነው የሚጠራት። ትልቋ የቁልምጫ ስም የላትም። እናትየው በልጅነቷ አንድ ሁለት ጊዜ ልታወጣላት ሞክራ ነበር፤ አልያዘም።

ሙያን በተመለከተ ትልቋ ከማንም አታንስም። መርፌዋ አያምም፣ የሞላችው ጥርስ ተመልሶ አይቦረቦርም። ችግሯ አፏ ላይ ነው። «አፍዎን ይክፈቱ» ስትል ትእዛዝ ይመስላል። ሚጣ ያንኑ ቃል ስትል ሰውየው ለግብዣ የተጠራ ያህል ደስ ብሎት ይከፍታል። አንድ ቀን ጉንጩ እንደ ዳቦ ያበጠ ሰው እያቃሰተ ገባና ትንሿን ጠየቀ። እንግዳ ተቀባይዋ ትንሿ ሥራ ላይ መሆኗን፣ ትልቋ ግን ባዶ እጇን መቀመጧን ነገረችው። ሰውየው ትልቋን አየት አደረጋትና በዚያ ባበጠ አፉ «ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» አለ። ትልቋ ያን ቀን ቆሽቷ ያረረው ማረር ዛሬም አልቀዘቀዘም።

ከሁሉ የባሰው ግን የጉትቻው ነገር ነው። እናትየው ከእናቷ የወረሰችው የወርቅ ጉትቻ ነበራት። የመጀመሪያ ልጅ ይወርሰዋል ተብሎ ሲወራ ስለኖረ፣ ትልቋ ከልጅነቷ ጀምሮ መስታወት ፊት እየቆመች በባዶ ጆሮዋ ስትለካው ነው ያደገችው። ሚጣ ስትመረቅ እናትየው ከሳጥኑ አወጣችና በሚጣ ጆሮ ላይ አንጠለጠለችው። ለትልቋም፣ ያጽናናቻት መስሏት፣ «ላንቺ ፊት ይከብዳል እኮ፤ ለሷ ያምርባታል» አለቻት። ትልቋ «አዎ፣ ያምርባታል» ብላ አጨበጨበች። እውነቱን ለመናገር ያምርባት ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

እንግዲህ ክሊኒኩ አዲሱን የራጅ ማሽን ያስገባው በዚህ ላይ ነው። ማሽኑ በሰው ራስ ዙሪያ እየዞረ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለውን የመንጋጋ አጥንት በሙሉ፣ ከነጥርሱ፣ በአንድ ምስል ያወጣል። የክሊኒኩ ባለቤት፣ እነሱንም ያስተማሩ አንጋፋ ሐኪም ናቸው፣ እንደ ሕፃን እየተቁነጠነጡ «ማንን እንሞክርበት?» ሲሉ ሚጣ እየሳቀች ዘላ ገባች። ከመቸኮሏ የተነሣ ጉትቻዋን አላወለቀችም። ያስገባት ባለሙያም አላየም፣ ከቦ የሚስቀው ሰውም አላየም። ብረት ነክ ነገር ሁሉ ከፊት ላይ መውለቅ እንዳለበት ግን ጀማሪ እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው።

ምስሉ ሲወጣ ሳቅ ሆነ። እንዲህ ያለው ማሽን ጉትቻን ሁለት ጊዜ ያያል። በቀኝ ጆሮ ያለውን አንዴ ቦታው ላይ ጥርት አድርጎ፣ አንዴ ደግሞ በግራ በኩል ከፍ ብሎ እንደ ነጭ ጭጋግ የደበዘዘ ጥላ አድርጎ ይስለዋል። የሚጣ ጥርሶች ግን ተሰድረው ሲታዩ ዓይን ይስቡ ነበር። ባለቤቱ በጣም ስለወደዱት ምስሉን በትልቁ አሳትመው፣ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ከኋላው መብራት ባለው ሰሌዳ ሰቀሉት። ለሚመጣው በሽተኛ ሁሉ «ጤነኛ አፍ ይህን ይመስላል፤ ጉትቻ አውልቁ የምንለውም ለዚህ ነው» እያሉ ያስረዳሉ። በሽተኛውም «የማን ነው እንዲህ የሚያምር ጥርስ?» ይላል። መልሱን ለመስማት ትልቋ የግድ እዚያው አጠገብ መቆም ይኖርባታል።

ምስሉ እንዲወርድ ያላደረገችው የለም። መጀመሪያ የሚጣ አገጭ ተንጋዷል አለች። ቀጥላ ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው አለች። ከዚያ ስሕተት ያለበት ራጅ ለሕዝብ ማሳየት ያሳፍራል አለች። ሦስቱም እውነት ነበር፤ ሆኖም ከማን አፍ እንደሚወጣ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ክሊኒኩን በየማለዳው የምትከፍተው ትልቋ ናት፤ የሰሌዳውንም መብራት የምታበራው እሷ ናት። መብራቱን ታበራና ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊቱ ትቆማለች። የምትፈልገው እንከን ነው። አንዲት ብስባሽ፣ አንዲት የተጣመመች ሥር፣ ሸሸት ያለ ድድ ብታገኝ ለዚያ ቀን ይበቃት ነበር። ጥርስ በጥርስ ታስሰዋለች፤ ምንም የለም። ያገኘችው አንድ የተሞላ ጥርስ ብቻ ነው፤ እሱንም የሞላችው ራሷ ስለሆነች አሳምራ ነው የሞላችው። እንከን ስታጣ ዓይኗ ወደ ጉትቻው ይሄዳል። ጥርት ያለውን ትመለከትና ወደ ደብዛዛው ጥላ ትሻገራለች፤ ጠርዙን ተከትላ ትወርዳለች። ጉትቻው የሷ መሆን ነበረበትና ጥላው ላይ እንኳ ቢሆን ዓይኗን ታንከራትታለች።

አንድ ማለዳ የጥላውን የታችኛውን ጠርዝ ተከትላ ስትወርድ ዓይኗ አንድ ቦታ ቀጥ አለ።

ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ጀርባ፣ አጥንቱ ወደ ጆሮ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ጠቆር ያለ ነገር አለ። ራጅ ላይ አጥንት ነጣ ብሎ፣ በውስጡ እንደ መረብ የደቀቀ ክር እየታየ ይወጣል። እዚህ ቦታ መረቡ የለም። ጥቁረቱ ዙሪያውን በቀጭን ነጭ መስመር ታጥሯል፤ አናቱ የጉትቻው ጥላ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። በቀኝ በኩል ያለውን ተመሳሳይ ቦታ አየች። እዚያ አጥንቱ ሙሉ ነው። ተመልሳ ግራውን አየች። ጥቁረቱ እዚያው ነው።

ደስ አላት። ይህን መሸሸግ ይቻል ነበር፣ ግን ደስ ነው ያላት፤ ልቧ «አገኘሁብሽ!» ብሎ ዘለለ። ደስታው ካፖርቷን እስክታወልቅ እንኳ አልቆየላትም። ያገኘችው ምን እንደሆነ ሲገባት በሽተኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ዘጭ አለች። የእህቷን መንጋጋ ከውስጥ አንድ ነገር እየበላው ነው። እህቷ አታውቅም፤ አላመማትም፣ አላበጠችም፣ ስትስቅ ነው የምትውለው።

እንዴት ማንም አላየውም? የሙያው ሰዎች ክፉ ልማድ አላቸው። በሽተኛ ያመመውን ጥርስ በጣቱ ያሳያል፤ ሐኪም ያንን ጥርስ ያያል፣ ምክንያቱን ያገኛል፣ ራጁን ያስቀምጣል። የቀረው አጥንት ማን ይመልከተኝ ይበል? እዚህም ሁሉም ሰው ስሕተቱን፣ ጉትቻውን፣ አገኘና ስቆ ዓይኑን አነሳ። የሚፈለገው ከተገኘ በኋላ መፈለጉን የቀጠለች ትልቋ ብቻ ነበረች፤ የቀጠለችውም ለደግ አልነበረም።

ያን ዕለት ለማንም አልተናገረችም፤ በማግሥቱም አልተናገረችም። ዓይኗን ማመን ከበዳት። የምታየው በሽታ ነው ወይስ ክፋቷ ነው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የመጣባት? በየማለዳው እየቆመች ጥቁረቱ ጠፍቶ ብታገኘው ትመኝ ጀመር፤ ጥቁረቱ ግን ወዴትም አልሄደም። በመጨረሻ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ የሚጣን ራጅ ደግመው ቢያዩልኝ። ከጉትቻው ጥላ ሥር ጥቁረት አለ።»

አንጋፋው መነጽራቸውን አድርገው ወጡና ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ምስሉን ባዩት ቁጥር ፈገግ ይላሉ፤ አሁንም ፈገግ አሉ።

«ይሄ የጥላው ጭራ ነው፣ ልጄ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«ጥላው ነጭ ነው፣ ዶክተር። ይሄ ጥቁር ነው።»

«ነጭ ካለበት አጠገብ ያለው ሁሉ ይጠቁራል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ። አገጯ ተንጋዷል አልሽ፣ እሺ። ጥራት የለውም አልሽ፣ እሺ። ይውረድ አልሽ። አሁን ደግሞ በሽታ አወጣሽባት? እህትሽ ናት እኮ።»

ትልቋ ፊቷ ተቃጠለ። ሲሰድቧት እንኳ እውነታቸውን ነው። ከሰዓት በኋላ ሚጣን በሁለት በሽተኞች መሀል ኮሪደር ላይ አገኘቻትና «ጉትቻሽን አውልቂና አንድ ጊዜ ደግመሽ ራጅ ተነሺ» አለቻት። ሚጣ የእህቷን ጉንጭ ልትነካ ስትል ጓንት ማድረጓ ትዝ አላትና በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«እቴቴ ደግሞ! ይቺ ጉትቻ ምን በደለችሽ?» ብላ እየሳቀች ገባች።

እሁድ ለምሳ እናታቸው ቤት ተሰበሰቡ። ምሳው አልቆ እናትየው ብርቱካን እየላጠች ለሚጣ ታቀብላታለች፤ ሚጣ የሌላ ሰው ጥርስ የምትነቅል ሴት ናት፣ ብርቱካን መላጥ አያቅታትም። ትልቋ የራሷን ራሷ ልጣ ጨረሰች። ከዚያ ልጣጩን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና፣

«ሚጣ፣ ያን ራጅ ካልደገምሽ ከዚህ አልነሣም» አለች። «ጉትቻሽን አውልቂና።»

እናትየው ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አሁንም እዚያው ጉትቻ ላይ ነሽ? አንቺ ልጅ፣ እስከ መቼ ነው ይሄን ነገር ይዘሽ የምትኖሪው? ቅናት አይደብቁትም እንዴ ቢያንስ?»

ትልቋ እንደ ወትሮዋ ልትክድ አፏን ከፈተች። ክህደቱ አልወጣ አላት።

«አዎ፣ እቀናለሁ» አለች። «እቀናለሁ፣ እማዬ። ጉትቻው የኔ ነበር። በሽተኞቹ የሷ ናቸው። ብርቱካኑንም የምትልጪው ለሷ ነው።» ወደ ሚጣ ዞረች። «በየማለዳው መብራት አብርቼ ፊቱ የምቆመው አንድ ነገር ባገኝብሽ ብዬ ነው። አገኘሁ። ስላገኘሁም ደስ አለኝ፤ ሰማሽኝ? ደስ አለኝ! ከዚያ ፈራሁ፤ እስካሁን እየፈራሁ ነው። ከተሳሳትኩ ሰው ሁሉ ባለበት እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን አጥንትሽ እየተበላ ነው፣ ሚጣዬ።»

እህቷ ከዚያ በፊት «ሚጣዬ» ብላት አታውቅም። ሚጣ የያዘችውን ብርቱካን አስቀመጠች። የሚወዳት ሰው ቢያስጠነቅቃት ኖሮ ስቃ ልታልፈው ትችል ነበር፤ ሰው እንዲህ እያለ ራሱን አዋርዶ ሲነግራት ግን ሐኪምነቷ ነቃ። አንዱን ጉትቻ ፈታች፤ ሌላውንም ፈታች። ሁለቱንም እናቷ መዳፍ ላይ አኖረችና «ቁልፉ አንቺ ጋ ነው? እንሂድ» አለች።

እሁድ ስለሆነ ጫማ መሸጫው ተዘግቷል፣ ደረጃውም ጨለማ ነው። ትልቋ መብራት አበራች፣ ማሽኑን አስነሣች፣ ከባዱን መከላከያ ልብስ በእህቷ ትከሻ ላይ አደረገች። አገጯን ማሳረፊያው ላይ አስቀምጣ «አትንቀሳቀሺ» ስትላት፣ ድሮ ፀጉሯን ስታጥባት የምትቆጣት ቁጣ ነበር። ሚጣም እንደ ድሮው ዓይኗን ጨፈነች። ማሽኑ እያንዣበበ ዞረ።

ከዚያ ሁለቱም ኮምፒውተሩ ፊት ቆመው ጠበቁ። ዕድሜዋን ሙሉ «ትክክል ነሽ» መባልን ስትመኝ የኖረች ሴት፣ አሁን ተሳስታ እንድትገኝ ያለ የሌለ ስለት ተሳለች።

ምስሉ መጣ። የጉትቻው ጥላ የለም። ጥቁረቱ አለ፤ ጥላው የሸፈነለት አናቱም ተገልጦ፣ ከመጨረሻው ጥርስ ሥር ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ጆሮ ይሄዳል። አስተማሪ አያስፈልገውም። ሚጣ ጣቷን አንሥታ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ዙሪያውን ተከተለችው።

«በየቀኑ ሳልፍ አየዋለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

«ጥርሴን።» ከዚያ እጇን ግራ መንጋጋዋ ላይ አደረገች፤ ሙቅ ነገር እንደ ያዘ ሰው ፈጥና አነሣችው። «እቴቴ፣ ፊቴ ይበላሽ ይሆን?»

ትልቋ ማጽናናት አትችልበትም። «አላውቅም» አለች። «ነገ ጠዋት ቀዶ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። እኔ አብሬሽ እገባለሁ።» ይህን ብላ አቀፈቻት፤ አስተቃቀፉን ከረሳችው ብዙ ጊዜ ስለሆናት ክንዷ የት እንደሚሄድ ጠፍቷት ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ ናሙና ወስዶ አስመረመረ። ነቀርሳ አይደለም። አጥንት ውስጥ ተቀምጦ ያለ ሕመም የሚያድግ ከረጢት ነው፤ ያገኘውን አጥንት እየገፋ እየበላ ይሰፋል። ተከፍቶ ሲወጣ የቀረው አጥንት እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ቢቆይ፣ አለ ቀዶ ሐኪሙ፣ ደረቅ ዳቦ ስትነክስ መንጋጋዋ ይሰበር ነበር። ሌላም ነገር አለ። ይህ ዓይነቱ ተመልሶ መምጣት ይወዳል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ራጅ መነሣት አለባት፤ የሚያየውም ሰው ጠንቃቃ መሆን አለበት።

እንግዲህ ሰው ከዚህ በኋላ ትልቋ ቅናቷን ጣለች ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ምን ቆርጧት! የሆስፒታሉ ክፍል በአበባ ተሞላ። በሽተኞች በተራ እየገቡ ያለቅሳሉ። እናትየው ለሚመጣው ሁሉ «ፈጣሪ ነው ያሳየን» ትላለች፤ አንጋፋው ዶክተር «እኛው ክሊኒክ ነው የተገኘው» ይላሉ። ትልቋ የጠያቂ ብርጭቆ ታጥባለች። ሚጣ ግማሽ ከንፈሯ ደንዝዞ፣ ጉንጯ አብጦ፣ ፀጉሯ ትራሱ ላይ ተበትኖ፣ አሁንም ታምራለች። ትልቋ ከመታጠቢያው ሆና ስታያት እንኳንስ በጤናዋ በሕመሟም ቀናች። «የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው» እያለች ብርጭቆውን እስኪንጫጫ ፈተገችው።

ጠያቂው ሁሉ ሲወጣ ሚጣ በምልክት ጠራቻት። መንጋጋዋ እንዳይንቀሳቀስ ስለታሰረ በተዘጋ ጥርስ መካከል ነው የምትናገረው።

«የሚወዱኝ ሁሉ አይተውኝ አለፉ» አለች። «ዶክተር፣ እማዬ፣ እኔም ራሴ።»

«እኔም እወድሻለሁ» አለች ትልቋ፤ ስድብ ይመስል አፈጠነችው።

«አውቃለሁ። ግን ያየሽኝ ስለቀናሽ ነው።» ሚጣ በደህናው ጎን ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ከእንግዲህ ራጄን አንቺ ነሽ የምታነቢልኝ። ደግሞ እንዳትተዪ።»

«ምኑን?»

«መቅናቱን።»

ትልቋ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች፤ ከዚያ ነርሷ ገብታ ሁለቱንም ተቆጣቻቸው።

ዓመቱ ሞላና ሚጣ ለክትትል ራጅ ተነሣች። ትልቋ ምስሉን ከፍታ ተቀመጠች፤ ማየት ግን አቃታት። ዓይኗ ቀዶ ሕክምና ከተሠራለት አጥንት ላይ እየሸሸ ወደ ጥርሶቹ ይሄድባታል። ንጹሕ ሆኖ እንዲታያት ከመመኘቷ ብዛት ንጹሕ መስሎ ሊታያት እንደሚችል ገባት። ያን ጊዜ እህቷን ያተረፈ ዓይን ዛሬ ከየት ይምጣ? እንደሌሎቹ ወዳት፣ እንደሌሎቹ አይታ ብታልፋትስ?

ሚጣ ከኋላዋ ቆማ ማየት እንዳቃታት ታይ ነበር።

«እቴቴ፣ ሳልነግርሽ» አለች። «ዶክተር ጡረታ ሊወጡ ነው። ክሊኒኩን እኔ እንድመራው ጠየቁኝ።»

ትልቋ ዞረች። «አንቺን? እኔ እያለሁ? በየማለዳው የምከፍተው እኔ ነኝ!»

«እሺ ብያቸዋለሁ።»

ደሟ ፈላ። ሃምሳ ነገር አፏ ላይ መጣባት። ከዚያ ወደ ምስሉ ስታይ ዓይኗ መሸሹን ትቷል። ወንበሯን ወደ ምስሉ አዞረችና ከግራው ጥግ ጀመረች። አጥንቱን ክር በክር፣ ጠርዙን በጠርዝ፣ ያን የተሠራውን ቦታ ሦስቴ ተመላልሳ፣ አንዲት ነገር ባገኝባት ብላ በሚነድ ዓይን አሰሰችው። አዲስ አጥንት ባዶውን ሞልቶታል። ሌላ ምንም የለም።

«ንጹሕ ነሽ» አለች። ፊቷን በእጇ ጠራርጋ ዞረች። «አሁን ነይ፣ ስለ ክሊኒኩ እንጣላ።»